ላረጀ አቶሞቢል የአየር ማቀዝቀዣ ስለ ማስገባት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፥ በነቀምት፥ በጊምቢና በመንዲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ጨርሶ አሶሳ የሚገባ መንገደኛ፥ ከመኪናው እንደ ወረደ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ኮቱን ማውለቅ ነው። ከአሶሳ አልፎ ወደ ሆሞሻ፥ ከዚያም ወደ ኩርሙክና ወደ ሱዳን ወሰን የሚወርድ ከሆነ ክራባቱም ኮቱን ይከተላል። በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት በጥላ ሥር እንኳ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሆናል፤ ወደ ቆላው በወረዱ መጠንም ይጨምራል። በጠጠር መንገድ ላይ ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና ካለ፥ መስኮት ከፍቶ አቧራ መዋጥ ወይም መስኮት ዘግቶ በላብ መጠመቅ እንጂ ሦስተኛ ምርጫ የለም።

ይህ ችግር አዲስ አበባ ለኖረ ሰው እንግዳ ነው። ዋና ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ በዚያ የሚኖር ባለመኪና መስኮቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህም ባለፉት ዘመናት ወደ አገራችን ከገቡት ቮልስዋገኖች፥ ፊያት 600ዎች፥ ፔጆዎች፥ አሮጌ ላንድሮቨሮችና ቶዮታዎች አብዛኞቹ የአየር ማቀዝቀዣ የላቸውም። ቢኖራቸውም ቺንጋው ተፈትቶ ከተጣለ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እንግዲህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወደ አሶሳ ወይም ወደ ሆሞሻ ወረዳ ቢዛወርና አሮጌ መኪናውን ይዞ ቢሄድ፥ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋራዥ ገብቶ «ለዚህ መኪና ማቀዝቀዣ ይገባለታል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሌላ መኪና ይለውጠው እንዳይባልም፥ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ከፍ ብሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውም መኪና በየመንገዱ ኃይል የሚሞላበት ጣቢያ ይፈልጋል። ስለዚህ አሮጌውን ማሻሻል ብዙ ሰው የሚያስበው ነገር ሆኗል።

ለጥያቄው አጭሩ መልስ «አዎን፥ ይገባለታል» የሚል ነው። ማናቸውም መኪና ላይ ማቀዝቀዣ መግጠም ይቻላል። ዳሩ ግን ባለመኪናው ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መኪናዬ ይህን ሸክም ይችለዋል ወይ?» የሚለው ነው። ብዙ ገንዘብ ከስክሶ ማቀዝቀዣ ያስገባ ሰው በሁለተኛው ወር ሞተሩን ለማስጠገን ሌላ ገንዘብ የሚበደረው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ ስለማይጠይቅ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከሸክላ እንስራ መጀመር ይሻላል። በቆላ አገር በጥላ ሥር የተቀመጠ የእንስራ ውኃ ከአካባቢው አየር ይልቅ እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው። ምክንያቱም ውኃው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳ እያዠ ወደ ውጭ ወጥቶ በሚተንበት ጊዜ፥ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት በውስጥ ከቀረው ውኃ ስለሚወስድ ነው። ላብም ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ብርድ የሚባል ነገር በመሣሪያ አይፈበረክም፤ ሙቀት ከአንዱ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላው ስፍራ ይጋዛል እንጂ።

የመኪና ማቀዝቀዣ ከእንስራው የሚለየው የተነነውን ነገር መልሶ ስለሚሰበስብ ነው። በውኃ ፈንታ የሚሠራበት ጋዝ በባሕር ወለል አየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ነው። ይህ ጋዝ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ከዳሽቦርዱ በታች ባለው ሳጥን፥ ይኸውም ኢቫፖሬተር በሚባለው ውስጥ ሲተን፥ በቬንትሌተር እየተነፋ የሚያልፈውን የመኪናውን አየር ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ኮምፕሬሰር ጋዙን ስቦ ይጨምቀዋል። የብስክሌት ጎማ በፖምፓ የሞላ ሰው ፖምፓው እንዴት እንደሚግል ያውቃል፤ የተጨመቀው ጋዝም እንዲሁ ይግላል። ይህን የጋለ ጋዝ ከፊት ለፊት የተቀመጠው ኮንደንሰር ይቀበለዋል፤ ነፋሱም ሙቀቱን ሲወስድለት ጋዙ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ፈሳሹ በማድረቂያ በኩል አልፎ፥ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ግፊቱ ድንገት ይቀንስና እንደ ገና ለመትነን ይዘጋጃል። በሙቅ ቀን በአንደኛው ወገን ያለው ግፊት ወደ 2፥ በሌላው ወገን ያለው ወደ 15 የአየር ግፊት መጠን ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን ለነፋሱ ሊያስረክብ የሚችለው እርሱ ራሱ ከነፋሱ ይበልጥ የጋለ ሲሆን ነው። ስለዚህ አገሩ ሞቃት በሆነ መጠን ኮምፕሬሰሩ አብልጦ መጭመቅ አለበት፤ አብልጦ በጨመቀ መጠንም ከሞተሩ የሚወስደው ጉልበት ይበዛል። ማቀዝቀዣ እጅግ የሚያስፈልገን ሰዓት ለሞተሩ እጅግ ከባድ የሚሆንበት ሰዓት ነው።

ለታሪኩ ያህል፥ ከፋብሪካ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት እንዲሸጥ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መኪና በአሜሪካን አገር የተሠራው ፓካርድ ነበር፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1939 መጨረሻ ላይ ነው። ዋጋው ለማቀዝቀዣው ብቻ 274 ዶላር ነበር። የሚያስቀው ግን ማቀዝቀዣው የሚጠፋበት ቁልፍ አልነበረውም፤ ባለመኪናው ሲበርደው መኪናውን አቁሞ፥ ኮፈኑን ከፍቶ፥ ቺንጋውን በእጁ ማውጣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ግን የቤት ማቀዝቀዣም ይሠራ የነበረው የናሽ ኩባንያ የማቀዝቀዣውን ክፍሎች በሙሉ ከመኪናው ፊት አሰባስቦ አቀረበ። በዚያው ዘመን በቴክሳስና ያንን በመሰሉ ሞቃት ክፍላተ አገር ከዳሽቦርድ በታች የሚንጠለጠል ሳጥን እየሠሩ በማናቸውም መኪና ላይ የሚገጥሙ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ዛሬ በአሮጌ መኪና ላይ የሚገባው ማቀዝቀዣ የእነዚያ ሳጥኖች ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሸክሙ እንመለስ። በአገራችን እጅግ ከተወደዱት አሮጌ መኪናዎች አንዱ ቮልስዋገን ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህ መኪና ስለ ሆነ የታሪክም መኪና ሆኗል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ከፋብሪካ ወጣ። ቮልስዋገን 1200 በባሕር ወለል ላይ 34 የፈረስ ጉልበት አለው። ነገር ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ከ1,500 ሜትር በላይ ባለችው በአሶሳ የሚቀርለት 29 ገደማ ነው። የማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ4 እስከ 6 የፈረስ ጉልበት ሊወስድ ይችላል። አራት ሰው ጭኖ፥ በጣራው ላይ ሻንጣ አስሮ፥ ከሆሞሻ ወደ አሶሳ ዳገቱን ለሚመለስ መኪና የሚቀረው ስንት እንደ ሆነ አስልተው ይመልከቱት።

የቮልስዋገን ችግር በዚህ አያበቃም። ሞተሩ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ፥ የተቀመጠውም ከኋላ ስለ ሆነ፥ ለኮንደንሰሩ ነፋስ የሚያገኝ ስፍራ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዳንዶች ከፊት ከመከላከያው በታች፥ ሌሎች ከወለሉ ሥር ያስሩታል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ግን ወለል ሥር የታሰረ ነገር ድንጋይ ሲመታው ይኖራል። ከሞተሩ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ሊቀዘቅዝበት በሚገባው አየር ላይ ሙቀት ይጨምርበታል። እንግዲህ የእኔን አሳብ የጠየቀኝ እንደ ሆነ፥ ለቮልስዋገን 1200 ማቀዝቀዣ አያስገቡ። 50 የፈረስ ጉልበት ላለው 1600 ሞተር ግን፥ የሞተሩ ዙሪያ ቆርቆሮና የላስቲክ መዝጊያው ሳይጎድል በሚገባ ከተያዘ፥ ነገሩ ሊታሰብበት ይችላል።

በውኃ የሚቀዘቅዙት ፔጆ፥ ላንድሮቨርና ቶዮታ ይህን ያህል አይቸገሩም። ቢሆንም ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቆም፥ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ አስቀድሞ የሞቀ ነፋስ ነው። ራዲያተሩ ውስጡ በዝገትና በካልሲየም የተደፈነ ከሆነ ያለ ማቀዝቀዣ ለዓመታት ሳይታወቅበት ኖሮ፥ ማቀዝቀዣው በገባ ሳምንት ይፈላል። ውኃም በአሶሳ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት እንዲይዝ ሆኖ የተሠራው ይህን የመፍያ ልክ ከፍ ለማድረግ ነው፤ ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን በርካሽ የሚለወጥ፥ ባይለወጥ ግን ውድ የሚያስከፍል ዕቃ ነው። አንዳንድ ሠራተኞች ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። ይህ የበሽታውን ምልክት መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም። ማቀዝቀዣ ከመግባቱ በፊት ራዲያተሩ ይታጠብ፥ የውኃው ፖምፓና ላስቲኮቹ ይታዩ፥ ነፋሱም በጎን እንዳያመልጥ የቬንትሌተሩ ከለላ በስፍራው ይሁን።

በሆሞሻ በኩል ወደ ሸርቆሌና ወደ ጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች የሚመላለሱት አዳዲስ ላንድክሩዘሮች መስኮታቸውን ዘግተው ሲያልፉ አይቶ የሚቀና ሰው አይጠፋም። ነገር ግን የእነዚያ ራዲያተር፥ ቬንትሌተርና የኤሌክትሪክ ምንጭ ከመጀመሪያው ማቀዝቀዣውን ታስቦ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ኤሌክትሪኩ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። አየሩን የሚነፋው ቬንትሌተር፥ ለኮንደንሰሩ የሚጨመረው ቬንትሌተርና ኮምፕሬሰሩን ከቺንጋው ጋር የሚያገናኘው ማግኔት በአንድነት ከ25 እስከ 30 አምፔር ይፈልጋሉ። አሮጌው ዲናሞ በጠቅላላው የሚሰጠው 30 አምፔር ቢሆን ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞርማ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። በሆሞሻ ገበያ ቀን ማቀዝቀዣውን አብርቶ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው፥ ሲመሽ መብራት አብርቶ ሊነሣ ሲል ባትሪው ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ ዲናሞው ቢያንስ 60 አምፔር በሚሰጥ አልተርኔተር መለወጥ አለበት። ሽቦውም ውፍረቱ የሚበቃ፥ በፊውዝና በሪሌ በኩል የሚያልፍ ይሁን፤ ከማብሪያ ቁልፉ ጀርባ በቀጥታ የተቀጠለ ቀጭን ሽቦ የእሳት ምንጭ ነው። ባለ 6 ቮልት የሆነ ጥንታዊ መኪና ያለው ሰው በመጀመሪያ መኪናውን ወደ 12 ቮልት ማስለወጥ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ ሸክም ለማቅለል ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ሥራ ግን ሙቀቱ እንዳይገባ መከልከል ነው። የቀትር ፀሐይ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ወደ 1,000 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ታወርዳለች፤ እያንዳንዱም ተሳፋሪ 100 ዋት ያህል ከሰውነቱ ይሰጣል። ከሞተሩ በኩል በወለሉና በእግር መርገጫው ግድግዳ የሚገባው በዚህ ላይ ይታከላል። ስለዚህ የበሮቹ ላስቲክ ይለወጥ፤ የፔዳሎቹና የሽቦዎቹ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን፤ ከምንጣፉ ሥርና ከጣራው ጨርቅ በላይ ሙቀት የማያሳልፍ ንጣፍ ይግባ። የጣራው ቀለም ነጭ ቢሆን ከጥቁሩ ይሻላል። ይህ ሁሉ የሚያስወጣው ገንዘብ ከማቀዝቀዣው ዋጋ ጥቂቱን እጅ ነው፤ ይህን ያደረገ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ሳያስገባ ይቀራል። መኪናውን በሚያቆሙበት ጊዜ ደግሞ ጥላ ይፈልጉ፤ አሶሳና ሆሞሻ የማንጎ አገር ስለ ሆኑ ጥላ አይጠፋም። ፍሬው በሚበስልበት ወራት ግን ከኮፈኑ ላይ የሚወድቀውን ታግሠው ነው።

በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ብቻ ወደ 10 ዲግሪ፥ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ20 ዲግሪ በላይ ከውጭው አየር ይበልጥ ይሞቃል። የሕፃን ሰውነት ከትልቅ ሰው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚግል፥ «ማቀዝቀዣው በርቷል» ብሎ ልጅን ከመኪና ውስጥ ትቶ ወደ ቢሮ መግባት ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ ቢጠፋ፥ ቺንጋው ቢበጠስ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል፥ የቀዘቀዘው መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምድጃ ይሆናል።

እንደ እንስራው በውኃ ትነት ብቻ የሚሠራ ማቀዝቀዣም ነበረ። በአሜሪካን አገር ደረቅ በሆኑት ክፍሎች ሰዎች በመኪናቸው መስኮት ላይ ውኃ የተሞላ በርሜል መሰል ነገር ያንጠለጥሉ ነበር፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ በረጠበ ንጣፍ በኩል አልፎ ቀዝቅዞ ይገባል። ይህ ዘዴ በበጋ፥ አየሩ ደረቅ በሆነበት ጊዜ፥ ለአሶሳም ይሠራል፤ የሚወስደው የሞተር ጉልበትም የለም። ከግንቦት በኋላ ዝናሙ ሲጀምርና አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ግን ጥቅሙ ያበቃል።

ይህን ሁሉ አመዛዝነው መኪናዎ ይችላል ብለው ከወሰኑ፥ ስለ ጋዙ ጥቂት ይወቁ። የቀድሞዎቹ ማቀዝቀዣዎች አር-12 በሚባለው ፍሪዮን ይሠሩ ነበር። ይህ ጋዝ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እንደሚያሳሳ ስለ ታወቀ፥ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በበለጸጉት አገሮች ከ1996፥ በታዳጊዎቹም ከ2010 ጀምሮ መመረቱ ቀርቷል። በእርሱ ፈንታ የገባው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ይሁን እንጂ ከአሮጌው የማዕድን ዘይት ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ የድሮ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ጋዙ ብቻ ተለውጦ ዘይቱ፥ ማድረቂያውና የላስቲክ ቀለበቶቹ ካልተለወጡ ኮምፕሬሰሩ ያለ ቅባት ሠርቶ ይነክሳል። መጠኑም በሚዛን ይሞላ እንጂ በግምት አይሁን፤ አር-12 ይዞ ለነበረ መሣሪያ የአዲሱ ጋዝ ልክ ከቀድሞው ክብደት ከመቶ ከ80 እስከ 90 እጅ ያህል ነው።

በርካሽ የሚቀርብልዎን ስሙ የማይታወቅ ጋዝ አይቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በመርከብ የሚጓጓዙ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች በሐሰተኛ ጋዝ ተሞልተው፥ ጋዙ ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ በመፈንዳቱ ሠራተኞች ሞተዋል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ የሚሞላ ሰው ካጋጠመዎም መኪናዎን ይዘው ይውጡ፤ ያ ጋዝ ቧንቧው በተሰነጠቀ ቀን በተሳፋሪዎቹ እግር ሥር የሚቀጣጠል ነው።

ጋዙ ከመሞላቱ በፊት በቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በመምጠጫ ፖምፓ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መውጣት አለበት። በዚህ ጊዜ ብዙ ሠራተኞችን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የውጭ አገር መጻሕፍት መለኪያው ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ ይድረስ ይላሉ። ይህ ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። በአሶሳ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ መለኪያው ከ25 ኢንች አያልፍም፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ22 ተኩል ገደማ አይበልጥም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ቧንቧው ያፈስሳል ብሎ ደህናውን ሁሉ ይፈታል። ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታወቀው ፖምፓው ተዘግቶ መለኪያው ለግማሽ ሰዓት ሳይመለስ ባለበት ሲቆም ነው።

መኪናው ጥንታዊ ከሆነ የሚገጥመው ሠራተኛ ቆርቆሮውን እንዳይቆርጥ አስቀድመው ይንገሩት። ነባሮቹ ቀዳዳዎች እየተፈለጉ በብሎን ብቻ ይታሰር፤ የወጣው ዲናሞና ሌላውም ነባር ዕቃ በሣጥን ይቀመጥ። ዕቃውን በተቻለ መጠን አዲስ አበባ ሳሉ አሟልተው ይግዙ፤ ከዕቃው ጋር ትርፍ ቺንጋና ትርፍ ፊውዝ ይያዙ።

ካስገቡ በኋላ በሚነሡበት ጊዜ መስኮቶቹን ከፍተው ጥቂት ይሂዱና የታመቀው አየር ሲወጣ ማቀዝቀዣውን ያብሩ። ረዥም ዳገት ሲጀምሩ ያጥፉት፤ የሙቀት መለኪያው ከልኩ ከፍ ካለም እንዲሁ። በሳምንት አንድ ቀን በኮንደንሰሩ ላይ የተጋገረውን አቧራና የነፍሳት ሬሳ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ ባለ ውኃ ይጠቡት። የክረምቱ ዝናም ሲገባ ወይም ወደ ደጋ ሲመለሱ «አያስፈልገኝም» ብለው ለወራት አይተዉት፤ በቧንቧው ውስጥ የሚዞረው ዘይት የኮምፕሬሰሩን መዝጊያ ላስቲክ የሚያረጥበው መሣሪያው ሲሠራ ብቻ ስለ ሆነ፥ በየሳምንቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ያብሩት።